ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ወንድሜን ወነጀልኩት

የሰው ገመና ሳወራላችሁ ከርሜ ዛሬ የራሴን ጉድ ልናዘዝ ነው። እናንተው ፍረዱኝ።

ባለፈው ዓመት በእቁብ ብር አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ድሮ የቢሮ ዕቃ የነበረ ነው። ሻጩ “ጌምም ያጫውታል” ብሎ ግራፊክስ ካርድ ጨምሮበታል። ቀን ቀን እኔ የሰው ማመልከቻና ሲቪ እየጻፍኩ የቤት ኪራዬን እከፍልበታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አብሮኝ የሚኖረው የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ይጫወትበታል።

ጣጣው የመጣው በማታው ፈረቃ ነው። ልጁ ጂቲኤ 5 ከፍቶ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ ተነስቶ ከሀ ይጀምራል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ! እኔ ቀኑን ሙሉ ስጽፍበት ግን አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ታዲያ ማንን ልጠርጥር? “ቫይረስ አስገብተህበት ነው!” አልኩት። “እትዬ፣ ቫይረስ አይደለም፤ የሆነ ነገር አንሶት ነው” ቢለኝ አፉን አስያዝኩት። አንድ ማታ እንደገና ሲጠፋ “እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው? አባባ ቢኖር እንዲህ ባለጌ አትሆንም ነበር!” የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። ምንም አልመለሰልኝም። በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ አክስታችን ዘንድ ሄደ።

እኔም ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወደ ጥገና ቤት። የመጀመሪያው ባለሙያ ገና ሳይከፍተው “ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይሪው” አለኝ። የተቃጠለ ከሆነ ቀን ቀን እንዴት ይሠራል? ትቼው ወጣሁ።

ሁለተኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። “ምን ሲሠራ ነው የሚጠፋው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ከኮምፒውተሩ ጎን በፕላስተር የተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት አይተው ማንበብ ጀመሩ። የወንድሜ ጽሑፍ ነው። “ጌም በከፍተኛ ምስል፣ 8 ደቂቃ። ምስሉን ዝቅ አድርጌ፣ 45 ደቂቃ። ፊልም፣ አልጠፋም። አቧራውን ጠርጌ፣ ለውጥ የለም። ሙቀቱ 68 ዲግሪ፣ ደህና ነው። ጎረቤት ምጣድ ሳይሰካ፣ ያው ነው።”

ሰውየው ሳቁ። “ይሄ ልጅ የእኔን ሥራ ጨርሶታል!”

ከዚያ አስረዱኝ። ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለቢሮ ሥራ የተበጀ የ240 ዋት ነው። የተጨመረው ካርድ ጂቲኤክስ 1060 ብቻውን እስከ 120 ዋት ይወስዳል፤ ሠሪው የሚመክረውም የ400 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። እኔ ስጽፍ ካርዱ ተኝቷል። ጌም ሲከፈት ግን ካርዱም ፕሮሰሰሩም እኩል “አምጣ!” ይሉታል፤ ሲያቅተው ድርግም። ለሁለት ሰው በተጋገረ እንጀራ አምስት እንግዳ መጥራት ማለት ነው። ዊንዶውስ የመዘገበውን “ከርነል ፓወር 41” የሚል መልእክትም አሳዩኝ። ያለ ሥርዓት ጠፋ ማለት ብቻ ነው እንጂ ምክንያቱን አይነግርም አሉኝ።

የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከመቀጠያው ጋር ገጠሙልኝ። አሮጌውን ራሴ እንዳልከፍተው አስጠነቀቁኝ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኮረንቲ ይይዛል። እዚያው ጌሙን ለሁለት ሰዓት አስኬዱት፤ ንቅንቅ አላለም።

ቤት ስገባ ግን የሚጫወትበት የለም። በዚያው ምሽት አክስታችን ዘንድ ሄድኩ።

“ፓወር ሰፕላይ ነው” አልኩት።

“አውቄ ነበር” አለኝ።

“ስለ አባባ የተናገርኩት...” ብዬ ሳልጨርስ አንገቱን ደፋ። እኔም አለቀስኩ። ወደ ቤት የተመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው። አሁን ይጫወታል፣ ያወራኛል፤ የአባባ ስም ሲነሳ ግን አሁንም ዝም ይላል። ለዚህኛው መለዋወጫ የትም አይሸጥም።

እናም ወዳጆቼ፣ ኮምፒውተራችሁ ጌም ላይ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ መቼ እንደሚጠፋ መዝግቡ። አቧራውን ጥረጉ፣ ሙቀቱን እዩ፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት ከካርዱ ፍላጎት ጋር አመሳክሩ። ቤት ውስጥ “የሆነ ነገር አንሶት ነው” የሚል ልጅ ካለ ደግሞ ሳትቆጡ ስሙት። እኔ ባልሰማሁት ነው ይህ ሁሉ የመጣው።