ጨው ሜዳው ሥራ ላይ ነው

ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አስፋልት በርሃሌን አልፎ ሐመድ ኤላ እስኪደርስ መኪናው ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ጃኬት ደርቦ የተነሳ መንገደኛ በርሃሌ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሐመድ ኤላ ሲደርስ የመኪናው በር እጀታ መዳፉን ይለበልበዋል። ላንድ ክሩዘሮቹ ለብቻቸው አይሄዱም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲጎትተው ሁለት ሦስት ሆነው ነው። ፖርቶ መጋላቸው ላይ ፍራሽ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ ትልልቅ ድስትና ስኮርት ጎማ ተጠፍሯል። ምግብ አብሳዩ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጋር እየተጋፋ ከኋላ ይቀመጣል።

አስጎብኚዎች ይህን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት «የምድር ሲኦል» ብለው ነው። ስለ ሙቀቱ ከሆነ አልዋሹም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዚሁ አካባቢ ዳሎል ላይ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው ተብሎም ይጠቀሳል። አማካይ ነው እንግዲህ፤ ሌሊቱም፣ የጥርና የየካቲት ቀዝቀዝ ያለው ወቅትም ተደምሮበት። ስሙ ግን ያስቀይማል። ሲኦል በተባለው ቦታ ልጅ ይወለዳል፣ ፍየል ይታለባል፣ ሠርግ ይደገሳል፤ የአፋር ሴቶች የዘንባባ ሰሌን ወጥረው ቤት ይሠራሉ። ምድረ በዳ አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው ዙሪያውን ሲያስተውል፣ የቆመው ሰዎች ጎንበስ ቀና በሚሉበት የሥራ ቦታ መሐል ነው።

ሥራው ጨው ነው። ጨው ቆፋሪዎቹ ፀሐይ ሳትበረታ ሜዳው ላይ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ቅርፊቱ በመጥረቢያ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ብዙ ሰው ረጃጅም እንጨቶች በስንጥቁ አስገብቶ በአንድ ድምፅ ይፈነቅላል። ያን ጊዜ ጨዉ ከምጣድ እንደሚነሳ ደረቅ ቂጣ ሙሉውን ብድግ ይላል። ፈንቃዮቹ በአብዛኛው ከደጋ የወረዱ የትግራይ ሰዎች ሲሆኑ፣ የተነሳውን እየጠረቡ አሞሌ የሚያወጡት አፋሮች ናቸው። ጠራቢው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጨዉን በእግሮቹ መሐል አድርጎ፣ ያለ ማስመሪያ በዓይኑ ብቻ ይመትራል። አንዱ አሞሌ ከጎኑ ካለው ጋር ሲደረደር ግን ክፍተት አይታይም። የሚወድቀው ፍርፋሪ ፊትና ክንድ ላይ ይደርቃል፤ ቁስል ላይ ካረፈ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ንግዱ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አክሱም የጻፈው ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስጠስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ፍለጋ ሲወርዱ ጨው ይዘው ይሄዱ እንደነበር መዝግቧል። አሞሌው ራሱ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ቆይቷል። ዛሬ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ወጡን የሚያጣፍጠው በአፍዴራ ጨው ነው። የአሞሌው ደንበኛ ግን አልጠፋም፤ ለከብት የሚገዛውም ብዙ ነው።

የግመል ሲራራው ጨው ለመጫን ሲመጣ ባዶውን አይወርድም። ሜዳው ላይ ግጦሽ ስለሌለ ግመሎቹ የራሳቸውን ድርቆሽ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ነጂዎቹም ለመልስ መንገድ የሚሆነውን በየማደሪያው ያስቀምጣሉ። አንዱ ወደ 4 ኪሎ የሚመዝን አሞሌ በአንድ ግመል ላይ 30 ገደማ ይጫናል። ግመሉ ተንበርክኮ እያጉረመረመ ገመዱ ሲጠብቅበት ያዩ ጎብኚዎች ያዝኑለታል። ባለቤቱ ደግሞ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ጀርባውን እንዳያቆስለው ነው የሚጨነቀው፤ ጀርባው የቆሰለ ግመል ለሳምንታት ሥራ ፈት ይሆናል። የሚገርመው ይህ ሁሉ ግመል ያለው ሰው የሚሄደው በእግሩ መሆኑ ነው። ጀርባው የጨው ነው። ማታ ነጂዎቹ እሳት አንድደው በጋለ ድንጋይ ላይ ሊጥ ጠቅልለው ብርኩታ ይጋግራሉ፤ ሌሊት ተነስተው ጉዞ ይቀጥላሉ።

ግመሉ ለዚህ ቦታ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው ሻኛው ውሃ ይመስለዋል፤ ውስጡ ያለው ስብ ነው። ውሃ የሚቆጥብበት ብልሃት ሌላ ነው፤ ቀን የሰውነቱ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ላቡን ሳያፈስ ችሎ፣ ሌሊት በብርዱ ይቀዘቅዛል። ውሃ ሲያገኝም በደቂቃዎች ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከመኪና በፊት ወደዚህ ምድር የዘለቁ የውጭ ሰዎችም የሄዱት በእሱ ነው። መሐንዲሱ ኤል. ኤም. ኔስቢት እ.ኤ.አ. በ1928 ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ከአዋሽ ተነስቶ የደንከልን በረሃ ወደ ሰሜን አቋርጧል፤ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገር ደግሞ በ1933 እና 1934 አዋሽን ተከትሎ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር አይቷል። የኔስቢት ጉዞ ከአገልጋዮቹ የሦስቱን ሕይወት በልቷል።

አስፋልቱ ሲመጣ ግመሉ አበቃለት ተብሎ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። መንገዱ የግመሉን ጉዞ አሳጠረው፤ ሲራራው በሳባ ሸለቆ በኩል በርሃሌ ይደርስና ጨዉን ለአይሱዙ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሹፌር ሥራ ነው።

ሹፌሮቹም የራሳቸው ዕውቀት አላቸው። አሸዋ ሲመጣ ጎማ ያስተነፍሳሉ፤ ካሩም የጨው ሐይቅ ላይ ሲደርሱ በቁርጭምጭሚት ልክ ውሃ በሸፈነው ቅርፊት ላይ ይነዳሉ። ቅርፊቱ የቱ ጋ እንደሚሳሳ ካርታ ላይ አይገኝም፤ አብሯቸው የተቀመጠው የአፋር መንገድ መሪ ነው የሚያውቀው። ጎብኚው ነጩ ውሃ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ሲነሳ፣ ሹፌሩ ከሻሲው ሥር ስለተረጨው ጨው ያስባል። ዛሬ ያልታጠበ መኪና ነገ ይዝጋል።

ማደሪያው ሐመድ ኤላ ነው፤ በተደረደሩ ጠፍር አልጋዎች ላይ፣ ጣሪያ በሌለበት። ድንኳን የተከለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ላብ በላብ ሆኖ አልጋውን ወደ ውጭ ያወጣል። ሽሮና ፓስታ አንድ ላይ ይቀርባል። ሽንት ቤት ለለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ ሰዋራ ቦታ መፈለግ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው። አጠገብ ያሉት አፋሮች በዚያው ሰዓት ዳጉ ላይ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ በተራ ይለዋወጣል፤ የዝናብ፣ የግጦሽ፣ የሰው ወሬ። የነገው መንገድ ደህና መሆን አለመሆኑን አስጎብኚው የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ዳሎል ይነዳል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ እዚያ መቆየት አይመከርም። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ዝገት መሳዩ ኩሬ ለዓይን ያጓጓል፤ አሲዱ ግን ጫማ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናት፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳላገኘ አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥቃቅን ፍጥረታት አግኝቻለሁ ብሎ ነበርና ክርክሩ ቀጥሏል። ማዕድን ፈላጊዎች በጨው ጡብ የሠሯቸው ቤቶች ፍርስራሽና የዛጉ ብረቶች ዛሬም ቆመዋል። ፖታሽ ፍለጋ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ከኤርትራ የባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማ ባቡር አስገብተው ነበር፤ በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካኖች ተተኩ። ሁለቱም ሄዱ። አሞሌ ጠራቢው ሥራውን አላቋረጠም።

አስፋልቱ ግመሉን ከጨው ሥራ አላስወጣውም፤ እሳተ ገሞራው ኤርታሌ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለዓመታት ጎብኚው ከዶዶም ሰፈር ራቱን በልቶ በሌሊት ሦስት አራት ሰዓት በእግሩ ይወጣ ነበር፤ ፍራሹንና ውሃውን ግመል ይሸከምለት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መኪና ይበልጥ ስለሚጠጋ ያ ልፋት ቀንሷል፤ የግመል አከራዩም ገቢ አብሮ። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች እዚያ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎችን ገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ጥበቃ መውጣት ቀረ። ቀጥሎ በትግራይ ጦርነት ወቅት ጎብኚውም ተቋርጦ፣ ከመቀሌ የሚመጣው መንገድም ተዘግቶ ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። የተመዘገበ የቀድሞ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። የአመዱ ደመና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ፤ የዓለም ዜና ስለ በረራዎቹ አወራ። አፍዴራ አካባቢ ላሉ አርብቶ አደሮች ግን ወሬው ግጦሽ ነበር። አመዱ ሣሩን ሸፍኖት ከብቶቹ የሚበሉት አጥተዋል።