ውሽንፍር

አማርኛ የደጋ ልጅ ነውና ለዝናብ ስም አያጣም። ካፊያ አለው፤ እንጥብጣቢ አለው፤ ዶፍ አለው፤ ከነፋስ ጋር ተባብሮ በመስኮትና በበር ስንጥቅ ለሚገባውም ውሽንፍር የሚል ድንቅ ቃል አለው። ውቅያኖስ ላይ ተወልዶ ከተማ ለሚያፈርሰው ግን ከባዕድ ተውሶ «ሀሪኬን» ይላል። «ዐውሎ ነፋስ» ብንለውም ዐይነ ኅሊናችን የሚያየው በሜዳ ላይ የሚሽከረከር አቧራ እንጂ ባሕር ተሸክሞ የሚመጣ ነፋስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሲጠጋ፣ እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ፖቶማክ ወንዝን ቁልቁል በሚያይ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርሁ። ክፍሉን ያከራዩኝ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጥቅምት 19 ነበርና ከማለዳ ጀምረው ገብርኤልን ሲማጠኑ ዋሉ። ባቡሩም አውቶቡሱም ቆሟል፤ የዋሽንግተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘግተዋል። ውሽንፍሩ መስኮቱን በጥፊ ይመታል፤ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ በመስኮቱ ግርጌ የጎዘጎዝነው ፎጣ ይረሰርሳል።

እትዬ የፈሩት ከታች ያለውን ወንዝ ነው። በ2003 ኢዛቤል የተባለው ማዕበል በሰሜን ካሮላይና በኩል ገብቶ ከእኛ በስተ ምዕራብ ሲያልፍ የቼሳፒክን የባሕር ወሽመጥ ውኃ ወደ ፖቶማክ ሽቅብ ገፍቶት፣ የአሮጌው ከተማ የወንዝ ዳር ጎዳናዎች ተጥለቅልቀው ነበር። «ያን ጊዜ መኪናዬን ምድር ቤት እንዳቆምኋት ውኃ በላት፤ ልጄ፣ ወንዝ ወደ ላይ ሲፈስስ ያየሁት ያን ሌሊት ነው» አሉኝ።

በየሰዓቱ ባትሪ ይዤ ወደ ደረጃው ወርጄ ወንዙን አይ ነበር። ግን አልመጣም። የምሥራቹን ስነግራቸው ተነሥተው «ተመስገን» ማለት ጀመሩ። እኔም ዐዋቂነቴን ላሳይ ብዬ ምክንያቱን አብራራሁ። ማዕበል በዚህ የምድር ገጽታ በሰዓት አዟዟር ተቃራኒ ይሽከረከራል። የሳንዲ ዐይን ከእኛ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኒው ጀርሲ ዳርቻ ስለገባ፣ በእኛ በኩል ያለው ክንዱ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ውኃችንን ያርቅልናል፤ በሰሜን በኩል ያለው ክንዱ ግን ከባሕር ወደ የብስ እየነፈሰ ውኃውን ወደ ኒው ዮርክ ይገፋዋል፤ ጨረቃዋም ሙሉ ናትና የባሕሩ ሙላት በራሱ ከፍ ያለ ነው አልኋቸው።

«ያው አንዱ ነፋስ ነው?»

«አዎን፣ አንዱ ነው።»

ምስጋናቸውን ከመካከል አቋረጡት። ልጃቸው ብሩክሊን ውስጥ፣ ከባሕሩ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት በስልክ ዙሪያ አሳለፍነው። የማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ውኃ ከ4 ሜትር በላይ ሲደርስ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻዎች ሲሞሉ፣ መብራት በየሰፈሩ ሲጠፋ በቴሌቪዥን አየን። የልጃቸው ስልክ አይጠራም። እኔ የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። ግጥም እጽፋለሁ ብዬ የምመጻደቅ ሰው፣ «ኔትወርኩ ተጨናንቆ ይሆናል» ከማለት በቀር አንዳች አልወጣኝም። እትዬ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ እኛ መስኮት አልጨነቃቸውም። ሲጸልዩ አዳመጥሁ፤ «ውኃውን መልስልን» አላሉም። ወዴት ብሎ ይመልሰው? «ያለበት ድረስ አብረኸው ሁን» ይሉ ነበር።

ብዙ ቆይቼ ያነበብሁት ነገር ያን ሌሊት ደግሞ አስታወሰኝ። ሳንዲ የተወለደው ኦክቶበር 11 ቀን ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ አትላንቲክ ከወጣ የአየር ሞገድ ነው። እንዲህ ያሉትን ሞገዶች የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች የአንዳንዶቹን ዱካ ወደ ምሥራቅ እየተከተሉ እስከ ዳርፉር ተራሮችና እስከ ኢትዮጵያ ደጋዎች ያደርሱታል። የሳንዲ ጅማሬ ከዚያ ይሁን አይሁን አልልም። ነገር ግን «የሩቅ አገር ማዕበል» እያልሁ ስጠራው የኖርሁትን ቃል ከዚያ ወዲህ በልበ ሙሉነት ልጽፈው አልቻልሁም። በጎንደር ወይም በወሎ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ደመና ወዴት እንደሚሄድ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ልጃቸው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደወለ። ሦስተኛ ፎቅ ነውና እሱ ደኅና ነው፤ ምድር ቤት የነበሩት ጎረቤቶቹ ግን ዕቃቸው ሁሉ በውኃ ሄዷል፤ የት እንዳደሩም አላወቀም። በዚያች ከተማ 43 ሰዎች መሞታቸው የተነገረው ቆይቶ ነው። እትዬ እልል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጥቂት ዝም አሉና፣ «የእነሱ እናት ማንን እየጠበቀች ይሆን?» አሉኝ።