ቀኑ ከፀሐይ ጋር የሚነሳበት ቤት

ባለፈው ዓመት እማዬን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ወደ ደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ወሰድኳት። ያረፍነው ሚላፖር በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከካፓሌሽዋራር ቤተ መቅደስ ጥቂት እልፍ ብሎ ባለ ገስት ሃውስ ነበር። ጎህ ሲቀድ መንገዱ በአበባ ሻጮችና በጃስሚን ሽታ ይሞላል።

በሁለተኛው ቀን ተሳሳትን። የደም ግፊት ኪኒኗ ላይ «8» ተብሎ ተጽፏል። ጠዋት ማለት ነው፤ እማዬ ግን በአገሯ ሰዓት ቆጥራ ከምሳ በኋላ ዋጠችው። ግፊቷ ከፍ አለ። ሐኪሙም «እንዲህ ከቀጠለ ቀዶ ሕክምናው ይራዘማል» አለን። ያጠራቀምነውን ገንዘብና የመመለሻ ትኬታችንን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የገስት ሃውሱ ባለቤት፣ የእማዬ እኩያ የሚሆኑ ሴት፣ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። ወጥ ቤት ወስደው በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደድለትን ወፍራም የግድግዳ ካላንደር አሳዩን። «የእኛም የጥንቱ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው» አሉ። ከአንዱ ንጋት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ለ60 ጋቲካ ይከፈላል፤ አንዱ 24 ደቂቃ ነው። ሁለት ጋቲካ አንድ ሙሁርታ ይሆናል። ለሠርግም ለቤት ምርቃትም መልካም ሙሁርታ ይመረጣል። በብዙው የህንድ ክፍል ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር፣ ዓመቱ 354 ቀን ገደማ ሆኖ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጎድላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ወር ይጨመራል። እማዬ ይህን ስተረጉምላት «ጳጉሜን አጠራቅመው ነዋ!» አለች።

ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት መሆኑን ስነግራቸው ግን ሴትየዋ ዝም አሉ። በየቀኑ ራሁ ካላም የሚሉት አንድ ሰዓት ተኩል አለ፤ አዲስ ነገር አይጀመርበትም። ሰዓቱ እንደየዕለቱ ይለያያል። ሰኞ በእኛ አቆጣጠር ከ1፡30 እስከ 3፡00 ነው። ለእማዬ ልተርጉም አልተርጉም አመነታሁ፤ በመጨረሻ ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረችና «ሰኞ እኮ ሚካኤል ነው፤ ምን እሆናለሁ?» አለች።

ሴትየዋም መላ አላጡም። «ጉዞው ከሰዓቱ በፊት ከተጀመረ ይበቃል» ብለው ሰኞ ልክ በ1 ሰዓት ደጃፍ ድረስ ሸኙን። እማዬ አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም።

እማዬ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የዚያን ሰኞ የካላንደር ቅጠል ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እናንተም ወላጅ ይዛችሁ ለሕክምና የምትሄዱ ከሆነ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው። የህንድ ሰዓት ከእኛ በ2፡30 እንደሚቀድምም አትርሱ። አንድ ቀን ደግሞ ከፀሐይ ቀድማችሁ ተነሱና ሚላፖርን እዩ።