ዝናም የሚለመንበት ዋሻ

ተራራ በከፍታው፣ ወንዝም በውኃው ብዛት ሲመሰገን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ዛሬ የምንተርክላችሁ ግን ሰዎች በሚጠብቁለት ሕግ ስለ ከበረ አንድ ዋሻ ነው።

በዚምባብዌ አገር ከቡላዋዮ ከተማ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የማቶቦን ኮረብቶች ያገኛል። ኮረብቶቹ ዝናምና ፀሐይ ያለሰለሷቸው ታላላቅ አለቶች ስለ ሆኑ፣ የስማቸው ትርጓሜ «ራሰ በራዎች» ማለት ነው ይባላል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲታይ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ ያሰኛል። በዋሻዎቹም ግድግዳ ላይ በጥንት ዘመን በአደን ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የሣሏቸው ቀጭኔና አጋዘን እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ከእነዚህ ኮረብቶች መካከል ንጄሌሌ የተባለው ቅዱስ ስፍራ ይገኛል። ሾናዎች ምዋሪ፣ ካላንጋዎች ምዋሊ፣ ንዴቤሌዎችም ምሊሞ እያሉ የሚጠሩት አምላክ ከዋሻው ውስጥ በድምፅ ይናገራል ብለው ያምናሉ።

በሾናዎች ልማድ እያንዳንዱ ጐሣ እንደ ጦጣ፣ እንደ አንበሳ፣ እንደ ዝሆን ባለ እንስሳ ስም ይጠራል፤ የዚያንም እንስሳ ሥጋ አይበላም፤ ከገዛ ጐሣው ማግባትም ነውር ነው። ሆኖም ጐሣን ከጐሣ የሚለየው ወሰን በዋሻው ደጅ ይቀራል፤ ዝናም ለአንድ ጐሣ ብቻ አይዘንምና።

የዝናሙ ወራት ሳይገባ መልእክተኞች ከልዩ ልዩ አገር፣ ከቦትስዋናም ሳይቀር፣ ዘር ይዘው ይመጣሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ እያጨበጨቡ ይቀርባሉ፤ ጀርባቸውንም ለዋሻው ሰጥተው ይቀመጣሉ። የተባረከውን ዘር ይዘው ሲመለሱ ከቤቱ ዘር ጋር ይቀላቅሉታል። በዋሻው ዙሪያ ዛፍ አይቈረጥም፤ ከሳምንቱም አንዱ ቀን እርሻ የማይታረስበት የዕረፍት ቀን ነው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓመት የማቶቦ ኮረብቶች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፉ፣ ከጥንታዊዎቹ ሥዕሎች ጋር ይህ ሕያው ልማድ ጭምር ተቈጥሮላቸው ነው። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ስፍራን አይጠብቅም። በቅርብ ዓመታት ሳይፈቀድላቸው ወደ ንጄሌሌ የሚወጡ ሰዎች በመኖራቸው ያገሩ ሽማግሌዎች አዝነዋል፤ ሕጉ ከተናቀ ዝናሙ ይቀርብናል ብለውም ይሰጋሉ።

የዝናሙን ነገር ለሚያምኑት እንተወው። ነገር ግን ሕጉ ሲናቅ ዛፉ እንደሚቈረጥ፣ በአንድ ደጅ አብረው ይቀመጡ የነበሩ ሰዎችም እንደሚለያዩ ለመረዳት የዚያ አገር ሰው መሆን አያስፈልግም። አለቱ ዘመናትን ሊቈይ ይችላል፤ ጫማን አውልቆ መቅረብን ግን አባት ለልጁ ካላስተማረው በአንድ ትውልድ ይጠፋል።