የቆቦው ብረት

«ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ በእኛ ሰፈር ከአውራ ዶሮ ጩኸት ቀጥሎ የሚሰማ የጧት ድምፅ ነው። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ አሥራ አምስት ዓመት የቆመ ላንድሮቨር ስለነበረን፣ ቁራሌዎቹ ሁሉ በራችንን ለይተው ያውቁታል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ታዲያ አንደኛው ደፈረና ገባ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ የመኪናውን ጎን በሳንቲም ቆረቆረው፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«አሉሚኒየም ነው እኮ፣ ጋሼ!» አለና ዋጋውን እዚያው ከፍ አደረገው። የጠራው ገንዘብ የልጄን የግማሽ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። ባለቤቴ እኔን አየች። እኔ በረንዳው ላይ ዱካ ስበው ፀሐይ ወደሚሞቁት አባቴ ዞርኩ። እሳቸው ምንም አላሉም። ቢቆጡ ኖሮ የምሸጠው ይመስለኛል። ዝምታቸው ግን ከበደኝና ሰውዬውን «ሌላ ቀን ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት።

ልንገራችሁ፤ እኔ ይህን መኪና ስጠላው ነው ያደግሁት። በ1977 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ያን ዓመት በዚሁ መኪና መድኃኒትና የእርዳታ ሠራተኞችን ወደ ሰሜን ወሎ ሲያመላልሱ ከረሙ። የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት ወር ዓለምን ያስደነገጠውን ዘገባ ያቀረበባት ኮረም የሳቸው የሥራ መንገድ መጨረሻ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ ታናሽ እህቴን፣ የስድስት ዓመቷን ሚጡን፣ ኩፍኝ ያዛት። በአምስተኛው ቀን ሞተች። አባቴ የደረሱት ከተቀበረች በአራተኛው ቀን፣ ሠልስቷም ካለፈ በኋላ ነው። በአቧራ ነጭተው በር ላይ ሲቆሙ ይታየኛል። እናቴ ለምን እንደዘገዩ ሲጠይቁ አልሰማሁም፤ አባቴም ሲናገሩ አልሰማሁም። በልጅነት ሒሳቤ ጥፋተኛው ያ መኪና ሆነ።

በ1986 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ አባቴ ለሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ የተቀመጠውን ገንዘብ አውጥተው ገዙት። እናቴ ሁለት ቀን አለቀሱ። «ያንን መኪና ግቢዬ አስገቡት» ሲሉ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አባቴ ግን በዚያው መኪና በጅማ መንገድ፣ ከአየር ጤና እስከ ተጂ፣ ሰውና ጤፍ እየጫኑ እኔን አስተማሩበት። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ በ2002 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ማለት ነው። እናቴ ካረፉ እነሆ ስድስት ዓመት ሆነ።

ለባለቤቴ «ጠግኜ እሸጠዋለሁ፤ የሚሄድ ላንድሮቨር ዋጋው ሌላ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ አንድ ጎረቤታችን አለ፤ በአጥሩ ላይ እያየ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ።

የዚህን መኪና ዘር ታሪክ ባጭሩ ላውጋችሁ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። አካሉ እንዳይዝግ ያደረገው እንግዲህ ችግር ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ይዝጋል። የእኛው ረጅሙ ዓይነት ነው። የፊት መብራቶቹ እንደ ኋለኞቹ በክንፎቹ ላይ ሳይሆኑ ራዲያተሩን ግራና ቀኝ ተጠግተው ስለተቀመጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደተሠራ በዚያ ይታወቃል።

በሞተሩ ጀመርኩ። በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሙቀት ወደ ጉልበት እንዴት እንደሚለወጥ ሃያ አምስት ዓመት በጠመኔ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ካንዴላ ግን ከባለቤቴ መኪና እንኳ ነቅዬ አላውቅም ነበር። ቃላቱን መማር ራሱ አንድ ኮርስ ነው። እንግሊዞች የሠሩትን መኪና እኛ በጣልያንኛ ነው የምንፈታው፦ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ባሌስትራ። አምስት ዓመት ገዝተውን የሄዱት ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ሲወጡ ስሙን ረስተውልን ሄዱ።

ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2286 ሲሲ ቤንዚን ነው። ማኖቬላውን አስገብቼ በእጄ ሳዞረው ጤነኛ ሞተር አራት ጊዜ ክንድን ሊገፋ ይገባዋል፤ የእኛው ሦስቴ ገፍቶ አንዱን ይዘለዋል። ቴስታታውን ስከፍተው የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከንፈሩ ተቃጥሎ ተበልቷል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ተተኪውን ገዛሁ፤ መቀመጫውን 18 ቁጥር አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት አስተካከለልኝ። የቫልቮቹን ክፍተት ሩብ ሚሊ ሜትር አድርጌ ገጠምኩና አንድ ቅዳሜ ሞተሪኖውን ነካሁት። በካርቡራተሩ በኩል እንደ መድፍ ተኮሰ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ ተኮሰ።

«አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።»

ከበረንዳው ነው። አባቴ ሥራውን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። «ምን አሉኝ አባባ?» አልኩ። ደገሙት፤ ልክ ልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር። የካንዴላ ገመዶቹን በቁጥር ተራ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት ብዬ ነበር የሰካኋቸው። ፒስተኖቹ ግን አንደኛውና አራተኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው፤ እሳቱ የሚደርሳቸውም አባቴ ባሉት ተራ ነው። ለተማሪዎቼ ሥዕሉን የምስለው እኔው ነኝ እንግዲህ! ገመዶቹን አዛወርኩ። መኪናው ሁለቴ አስነጠሰና ተነሣ። አባቴ ዱካቸውን ይዘው ከበረንዳው ወደ መኪናው አጠገብ መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታቸው እዚያ ሆነ።

ወደ ባሌስትራው ዞርን። መኪናው ከኋላ በግራ በኩል፣ ማለትም በሾፌሩ ጎን፣ ተዘንብሏል። የሁለቱን ጎን ባሌስትራዎች እኩል ላደርጋቸው ስለካቸው አባቴ ሳቁብኝ። ለካ ፋብሪካው ራሱ በሾፌሩ በኩል ያለውን ጥቂት ጎበጥ አድርጎ ነው የሚሠራው። «ሌላው ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ ሾፌሩ ሁልጊዜ አለ» አሉኝ።

ቡሎኖቹ ከነቦኮላቸው ዝገው አንድ አካል ሆነዋል። ሦስት ቀን ናፍጣ አጠጣኋቸው፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ በሴጌቶ ቆረጥኳቸው። ባሌስትራ እንደምታውቁት እየጎበጡ የተደራረቡ ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ መሐላቸው ዝገት ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ያቅተውና መኪናው ጋሪ ይሆናል። በሞርሳ ጠፍሬ የመሐሉን ቡሎን ፈታሁና ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት። በሽቦ ብሩሽ አንድ በአንድ ስፍቃቸው ከላይ ሦስተኛው እንግዳ ሆነብኝ። የመዶሻ ጠባሳ ሞልቶበታል። የሌሎቹ ቀዳዳ በማሽን የተበሳ ጥርት ያለ ክብ ነው፤ የዚህ ግን በእሳት ግሎ የተበሳ፣ አፉ የተንጋደደ።

«ይህ ደግሞ የምን ብረት ነው?» ብዬ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ዳበሱት።

«የቆቦ ነው» አሉ።

ከኮረም የግራካሱን ቁልቁለት ሲወርዱ ሁለት ብረት በአንዴ ተሰበረባቸው። ዕንጨት ሸጉጠው፣ በገመድ አስረው እየተንፏቀቁ ቆቦ ደረሱ። ዋናው ብረት ከተከተለ መኪናው በረሃ ላይ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ገና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል። ቀጥቃጩን ቢፈልጉት ቀብር ላይ ነው አሏቸው።

«የማን ቀብር?» አልኩ።

«የማን ትለኛለህ? ያን ጊዜ በየቀኑ ነበር።»

ሁለት ቀን ጠበቁት። መጣና ከከባድ መኪና ስባሪ ይህንን ቀጥቅጦ አወጣላቸው። አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ቀጠሉ። «መልእክቱ ኮረም ላይ በሬዲዮ ነው የደረሰኝ። ታማለች ነው የሚለው።»

እኔ የተንበረከክሁበት ቀረሁ። አርባ ዓመት ስቆጥረው የኖርኩት ቀን እጃቸው ላይ ነው። «ለምን አልነገሩንም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ለማን? እናትህ ልጇን ቀብራ ተቀምጣ፣ እኔ ስለ ባሌስትራ ላውራ?»

«ታዲያ መኪናውን ለምን ገዙት?»

ብረቱን መለሱልኝ። «ስንጥቅ እንዳለው እይ» አሉ። «ካለው ጣለው። ከሌለው መልሰው።»

ይህንን እንኳ አውቃለሁ። ብረቶቹን በነጭ ጋዝ ነክሬ አሳደርኳቸው፤ በማግስቱ በጨርቅ አድርቄ ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁና ደቁሼ ነሰነስኩባቸው። ስንጥቅ ያለበት ብረት የመጠጠውን ጋዝ መልሶ ስለሚያወጣ በነጩ ላይ መስመር ይሠራል። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ቀጭን እርጥብ መስመር ታየ፤ በሁለተኛው፣ በፋብሪካው ብረት ላይ። የቆቦው ነጭ እንደሆነ ቀረ። አባቴ «እህ» ብቻ አሉ።

ለሁለተኛው ተተኪ ገዛሁ። የቆቦውን ግራሶ ቀብቼ ሦስተኛ ቦታው ላይ መለስኩት። የሽያጩ ነገር ገና አልተቋጨም፤ ባለቤቴ ይህን ስታነብ ማንሣቷ አይቀርም።

የቀረው ዳዶዎቹን ማጥበቅ ነበር። መኪናውን በክሪክ እንዳነሣሁት ኪያቤዬን ስይዝ አባቴ ቆጡኝ። ቦኮላው ውስጡ ጎማ ነው፤ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲነካ ይጠመዘዝና ይቀደዳል። ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው የሚጠብቀው። አወረድኩት።

«ባዶውን?» አሉ።

በሩን ከፍቼ፣ በክንዳቸው ደግፌ መሪው ጋ አስቀመጥኳቸው። መኪናው ጥቂት ዝቅ አለ። ከሥሩ ገብቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩና በግራው ጀመርኩ። ፀሐይዋ ወደ ካራ ቆሬ በኩል ገብታለች። ከላይ ማርሹን ሲያስገቡና ሲያወጡ ይሰማኛል።

«አባባ፣ አይንቀሳቀሱብኝ» አልኩ።

«አንተ ቶሎ በል እንጂ» አሉ። «በረደኝ።»