በሻንጣ የሚላክ ሄድሴት፦ ለባሌ ሰልጣኝ አብራሪ የትኛው ይሻላል?

ከሮቤ ወይም ከጎባ የወጣ ልጅ አብራሪነት መማር ሲጀምር፣ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ከሚደርሱት ጥያቄዎች አንዱ ሄድሴት ነው። አጎት በሚኒሶታ፣ አክስት በቶሮንቶ ይህን ሲሰሙ የሚያደርጉት የታወቀ ነው። ኢንተርኔት ያገላብጣሉ፣ አብራሪ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ካለ ይጠይቃሉ፣ «አቅም እስከቻለ ምርጡን ግዙ፤ ድምፅ የሚያጠፋውን» የሚል መልስ ያገኛሉ፣ ከዚያም ለዝያራ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄድ ሰው ሲገኝ በሻንጣው ይልኩታል። ምክሩ ለተሰጠበት አገር ትክክል ነው። ነገር ግን ምክሩ የቆመባቸው ሁኔታዎች ከዕቃው ጋር ቦሌን አያልፉም። በእኔ ግምት ለአገር ቤት ሰልጣኝ የመጀመሪያው ሄድሴት ባትሪ የማይፈልግ፣ እዚያው በእጅ የሚጠገን፣ ዋጋውም መካከለኛ የሆነ መሆን አለበት።

አሜሪካ ውስጥ ተማሪው ሄድሴቱን የሚገዛው ራሱ ነው፤ ግን ከመግዛቱ በፊት የትምህርት ቤቱን ይዋሳል፣ የአስተማሪውን ይሞክራል፣ የጓደኛውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አንድ ሰዓት ይበርርበታል። የገዛው ካልተስማማው በተወሰነ ቀን ውስጥ ይመልሳል። ቢበላሽ በፖስታ ወደ ፋብሪካ ይልካል። የሚገርመው፣ አብራሪዎች አዘውትረው የሚከራከሩባቸው ሁለቱ ኩባንያዎች፣ ዴቪድ ክላርክና ቦዝ፣ ሁለቱም ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ዉስተር፣ ሌላው ፍራሚንግሃም። ለቦስተን ተማሪ ፋብሪካው የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። አገር ቤት ያለው ሰልጣኝ ግን ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ የሚያደርገው ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ነው። ሄድሴት ደግሞ እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለኩት ምቾቱን ማወቅ አይቻልም። አንዱ ጭንቅላት ላይ እንደሌለ የሚቆጠረው፣ ሌላው አናት ላይ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እንደ ምስማር የሚወጋ ነጥብ ይፈጥራል። ስለዚህ መመለስ በማይቻልበት አገር ብልጫ ያለው፣ የራስ ማሰሪያው በሰፊው የሚስተካከል፣ የአናት ትራሱና የጆሮ ትራሱ በቀላሉ የሚቀየር ሄድሴት ነው።

ድምፅ የሚያጠፋው ሄድሴት ምን እንደሚሠራ ሳይገባን ግን ክርክሩ ሚዛናዊ አይሆንም። የተለመደው የማሰልጠኛ አውሮፕላን ሴስና 172 ባለ ሁለት ምላስ ፕሮፔለር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ሲዞር ምላሶቹ በሰከንድ 80 ጊዜ አየሩን ይመታሉ፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተርም በዚያው ፍጥነት 80 ጊዜ ይተኩሳል። ከዚያ የሚወጣው ወፍራም ጉምጉምታ በስፖንጅና በፕላስቲክ አይቆምም፤ ወፍራም ድምፅ ሽፋን ያልፋል። ድምፅ አጥፊው በጆሮ ሽፋኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማይክ ጩኸቱን ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ይለቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። አማር ቦዝ ሐሳቡን የጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበርር ነው፤ ለገበያ የቀረበው የአብራሪ ሄድሴት ግን እስከ 1989 ቆይቷል። ነገሩ ለባሌ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በዳሽ 8-400 የተጓዘ መንገደኛ ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። የዚያ አውሮፕላን ካቢን የፕሮፔለሩን ጩኸት የሚቀንስበት ዘዴ በዚሁ መርህ የሚሠራ ነው።

እንግዲህ ጠንካራው ተቃውሞ ይሄ ነው፦ ባትሪ አልባው ሄድሴት የሚደክመው ልክ ሞተሩ በሚበረታበት ቦታ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ከጠፋ አይመለስም፤ ታዲያ ለልጁ ጆሮ ዋጋ እንዴት እንቆጥባለን? ከተቃውሞው ግማሹን እቀበላለሁ። ድካምን በተመለከተ ድምፅ አጥፊው ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ የአራት ሰዓት በረራ በሁለቱ ተበርሮ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ልዩነቱ ይታወቃል። የጆሮ ጉዳት ግን ሌላ ሒሳብ አለው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም የሚያስቀምጠው ገደብ ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የትንሽ አውሮፕላን ኮክፒት 90ዎቹን ሲነካ 94 ነው ብንል፣ ባዶ ጆሮ የሚፈቀድለት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የዴቪድ ክላርክ ኤች10-13.4 በላቦራቶሪ 23 ዴሲቤል እንደሚቀንስ ተመዝግቧል። ጭንቅላት ላይ ያ ቁጥር በግማሽ ቢወርድ እንኳ ጆሮ የሚደርሰው ከ85 በታች ይሆናል፤ የስልጠና በረራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ለሚፈራ ሰው ሌላም ርካሽ መፍትሔ አለ፦ ከሄድሴቱ ሥር የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ አድርጎ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ። ብዙ የውጭ አብራሪዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ዋጋው ከቡና አይበልጥም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባትሪ አልባው ኤች10-13.4 ወደ 400 ዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቦዝ ኤ30 ወደ 1,300። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ የሁለቱ ልዩነት 50,000 ብር ያህል ነበር። የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን ተሻገረ፤ ልዩነቱም ከ90,000 ብር በላይ ሆነ። የአየር መንገዱ ሰልጣኝ ለሆነ ልጅ ይህ ስጦታ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በግል ትምህርት ቤት ከኪሱ ከፍሎ ለሚማር ግን ልዩነቱ የበረራ ሰዓት ነው። «ታዲያ የመቶ ዶላሩን ለምን አንልክም?» የሚል ካለ፣ እዚያ ላይ አልስማማም። በርካሹ ሄድሴት ቀድሞ የሚበላሸው ማይኩ ነው፤ ከተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገር ጀማሪ የራሱ ፍርሃት ሳያንሰው ማይክ ሊያንቀው አይገባም። ከዚያ ይልቅ ያገለገለ ኤች10-13.4 በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ገደማ ይገኛል፤ የጆሮ ትራሱን፣ የአናት ትራሱንና የማይኩን ስፖንጅ ቀይሮ መላክ ነው። ያገለገለ ዕቃ ለዘመድ መላክ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ሄድሴቱ ግን እንደ ልብስ አይደለም፤ ሰውነት የሚነካው ክፍል በሙሉ ይወልቃል።

ስለ ባትሪም ትንሽ ልበል። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጎባ በላይ ያለው ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በታኅሣሥ ማለዳ በትንሽ አውሮፕላን ከሮቤ የሚነሳ አብራሪ፣ ባትሪው በብርድ ሲደክም ያየዋል። ባትሪው ሲያልቅ ዘመናዊው ሄድሴት ሬዲዮውን አይዘጋም፤ ግን ክብደቱ እንዲቀል ሽፋኑ ስለሳሳ፣ ያን ጊዜ የሚከላከለው ከወፍራሙ ባትሪ አልባ ያነሰ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ባትሪ ውስጥ ቀርቶ ሲያፈስስ ደግሞ የ1,300 ዶላር ዕቃ የሚያበላሸው የሁለት ባትሪ ዝገት ነው።

የእኔ ምክር የማይሠራበት ቦታም አለ፤ የባሌ ልጆችን በቀጥታ ስለሚነካ በደንብ መታየት አለበት። ባትሪ አልባው ሄድሴት የሚከላከለው የጆሮ ትራሱ ቆዳ ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። የመነጽር እጀታ ሥር ቀጭን ክፍተት ይከፈታል፤ ወፍራም ሹሩባ ከጆሮ ኋላ ትራሱን ያነሳል፤ ሂጃብ ደግሞ ዙሪያውን በሙሉ ጨርቅ ያስገባል። ሂጃብ የምታደርግ ሰልጣኝ ያንኑ 23 ዴሲቤል አታገኝም፤ ድምፅ አጥፊውም ክፍተት ሲኖር ይደክማል። ለእሷ የሚሻለው ከነጭራሹ ሌላ ዓይነት ነው፦ እንደ ክላሪቲ አሎፍት ያለ፣ የስፖንጅ ጫፉ በሻሹ ሥር ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ጭንቅላት የማይጨብጥ ሄድሴት። ከተለመደው ባትሪ አልባ ይወደዳል፣ ከቦዝ ግን ይረክሳል፤ ባትሪም አይፈልግም። ጣጣው ስፖንጁ በየጊዜው መቀየሩ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ አብሮ ይላክ። ወንድም ይሁን ሴት መነጽር የሚያደርግ ሰልጣኝ ደግሞ ቀጭን የብረት እጀታ ያለው መነጽር ቢይዝ፣ ሄድሴት ከመቀየር ይልቅ ያ ይቀድማል።

ከሁሉ በፊት ግን የመሰኪያው ጉዳይ አለ። በትንሽ አውሮፕላን ሁለት መሰኪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ወፍራሙ ለማዳመጫ፣ ቀጭኑ ለማይክ። የሄሊኮፕተር ሄድሴት አንድ መሰኪያ ብቻ አለው፤ የኤርባስ ደግሞ ባለ አምስት ፒን ነው። ኤች10-13.4 እና ኤች10-13ኤች በፎቶ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤች የሄሊኮፕተር ናት፤ በተለይ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አጎትም አክስትም ካርዳቸውን ከማውጣታቸው በፊት ልጁን የሚበርርበትን አውሮፕላን የሶኬት ፎቶ ቢያስልኩት፣ ዕቃው በሚቀጥለው ዝያራ ተመልሶ ሻንጣ ውስጥ ከመግባት ይድናል።