ፎርዋርድ ማን ይሁን?

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2025 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች ድረስ ዘልቆ በፍሎሪዳ ተሸነፈና ፈረሰ። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ሄዱ፤ አሰልጣኙ ዊላርድ ሳይቀር ወደ ቪላኖቫ! ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ቢቀያይርም ጨዋታ አያልፈውም፤ በየዓመቱ አዲስ ቡድን መሥራት ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ፎርዋርዱ ነው። ከትንሽ ሊግ ነጥብ አስቆጣሪ እናምጣ? ዳልተን ክኔክት በኖርዘርን ኮሎራዶ በአማካይ 20.2 ነጥብ ነበረው፤ ቴነሲ ሲገባ ጭራሽ 21.7 አደረሰው። ግን ስንት ክኔክት አለ?

የአንድን ተጫዋች ቪዲዮ ስከፍት የማየው እግሩን ነው። ጓደኛው ወደ ቅርጫቱ ሲወረውር፣ ስታ የምትመለሰውን ኳስ (ሪባውንድ) ለመያዝ ዞሮ ባላጋራውን በጀርባው ያግዳል ወይስ ቆሞ ኳሷን ያያል? ቆሞ የሚያይ ከሆነ ነጥቡን ይዞ እዚያው ይቅርልኝ። ያክስል ሌንደቦርግን ሚሺጋን ሲያመጣው የቀናሁት ለዚህ ነው፤ በቀድሞ ዩኒቨርሲቲው በዩኤቢ በየጨዋታው በአማካይ 11.4 ሪባውንድ ይሰበስብ ነበር።

ደግሞ ዋጋ አለ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋች መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ብሩን ሁሉ አንድ ኮከብ ላይ ከማፍሰስ ሁለት ታታሪ ይሻለኛል፤ አንዱ በአምስት ፋውል ቢወጣ ሌላው አለ። ባለቤቴ ግን «ኮከቡን አምጡልኝ» ብላለች።